ላኪ ሲጠብቅና ሲላላ

ፊደል ሳላውቅ ፊደል ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መቱ ውስጥ ታፔላ ጻፊ ነበርኩ። ሰው የሚፈልገውን በወረቀት አስጽፎ ያመጣልኛል፤ እኔ ቅርጹን እያየሁ ቆርቆሮ ላይ እገለብጠዋለሁ። ሐ ለእኔ ድምፅ አልነበረችም፣ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ነበረች። ቀጥ አድርጌ አቆማታለሁ፣ ጥላ አበጅላታለሁ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ እሄዳለሁ።

እዚያው ኢሉባቦር፣ ቡሬ ላይ ለአንድ ምግብ ቤት የሠራሁት ታፔላ እንዲህ ይል ነበር፦ «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ትኩስ ነገር፣ በቀይ ይጻፍ»። የመጨረሻዋ ለእኔ የተላከች ትእዛዝ ነበረች። እኔም አሳምሬ ጻፍኳት። ባለቤቱም እንደኔው ፊደል የማይለይ ስለነበር ሰቀለው። የቡሬ ተማሪዎች ያንን ዓመት ሙሉ እየገቡ «አንድ በቀይ ይጻፍ ይምጣልን» ይሉት ነበር። ሰውየው ኩራተኛ ስለሆነ አላውቀውም አይልም፤ «ዛሬ አልቋል» ይላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ነው ጢም አውጥቼ የማታ ትምህርት የገባሁት። ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን ከአገጬ ሥር አድርጌ ፊደል ቆጠርኩ። መሥሪያ ቤቶች ታፔላቸውን በአፋን ኦሮሞም ማጻፍ ጀምረው ስለነበር ቁቤውንም አብሬ ያዝኩት። ማንበብ ስችል መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቢኖር ከተማው በስህተት ተሞልቶ መኖሩ ነው። ሰው መሃይምነት ጨለማ ነው ይላል። ለእኔ ሰላም ነበር።

ብሩሼን የባነር ማተሚያ ማሽን ገደለው። ወድጄ ሳይሆን ርቦኝ ኮምፒውተር ተማርኩ። ከባነር ወደ ሎጎ፣ ከሎጎ ወደ ዌብሳይት እያልኩ ዛሬ የስልክና የኮምፒውተር ገጽ ሠዓሊ ሆኛለሁ። የትኛው ቃል የት እንደሚቀመጥ፣ ሰው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የምወስነው እኔ ነኝ። እወስናለሁ ስል እንግዲህ በወግ ነው፤ የሚወስነውማ ፎቶው የሚወጣው ሰው ነው።

ዌብሳይት እንፈልጋለን የሚል ትንሽ ድርጅት ሁሉ የሚፈልገው የአለቃውን ፎቶ ነው። ያዮ ላይ አንድ የማር አምራቾች ማኅበር ነበር። ሊቀመንበሩ ከመዘጋጃ ቤት ጸሐፊ በተዋሰው ክራቫት ፎቶ ተነስቶ መጣና ፎቶው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገበታ ያህል ሆኖ እንዲወጣ አዘዘኝ። ታዲያ ማሩ የት ይግባ አልኩት።

«ማርን ማን የማያውቅ አለ? የማያውቁት እኔን ነው» አለኝ።

ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት የሚባሉትን በፍላሽ አመጡልኝ። ከፍቼ ሳየው የአንድ የውኃ አገልግሎት ራዕይ ነው። «ውኃ» የሚለውን እያነሳህ «ማር» ተካበት አሉኝ። ተካሁ። «በየቤቱ ንጹሕ ማር በቧንቧ ደርሶ ማየት» የሚል ወጣ። አነበብኩላቸው፤ አጨበጨቡ፣ ጸደቀ። ያ ገጽ አሁንም እንዳለ ነው። ማር ለመግዛት የሚደወልበት ስልክ ግን የለበትም። ስልኩን ካስገባነው የሊቀመንበሩ ትከሻ ይሸፈናል ተባለ።

ይህን ሁሉ የምለው የሚቀጥለውን የሚሰማ ሰው እንግዳ ነገር እንዳይመስለው ነው።

መቱ ላይ ዋና ቢሮ፣ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የቁጠባ ተቋም አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ሥልጠና ብቻ አብዝቶ ወስዷል። ከአንዱ ሥልጠና ሲመለስ ደንበኛ ሁሉ ከመስኮት ወጥቶ ወደ ስልክ ይግባ አለ። ደብተር ይዞ ከመስኮቱ ፊት መሰለፍ ይቅር፣ ሁሉም ነገር በስልክ ይሁን ነው ነገሩ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው አዲስ አበባ የተቀመጠ ፕሮግራመር፣ ገጾቹን የምስለው እኔ ሆንን። ፕሮግራመሩን በአካል አይቼው አላውቅም። በስልክ ጋሼ ይለኛል፤ ጋሼ ካለ በኋላ የፈለገውን ያደርጋል።

መጀመሪያ የተጣላነው በ«ግባ» እና በ«ውጣ» ነው። ከዘራ ይዞ የመጣን ሽማግሌ «ውጣ» የሚል ባንክ የት አገር አለ አልኩት። ማሽን አንቱታ አያውቅም አለኝ። ማሽኑን ማን አንቱ አለው፣ ሰውየውን ነው እንጂ አልኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ አሻሻልኩት ብሎ ያመጣው ነገር ወንድና ሴት መለየት ሆነ። አንድ ነገር ተስማምተው ወደ ተቋሙ የሚልኩበት ቁልፍ ለወንድ «ላክ»፣ ለሴት «ላኪ» ይላል። አዝራር ይሉታል የተማሩት፤ እኔ ቁልፍ ነው የምለው። አሁንም አንቺ ማለትህ ነው፣ «ይላኩ» በልልኝ አልኩት። ሦስት ፊደል በትንሽ ስልክ ላይ ቁልፉን ያጣምመዋል አለ። የአፋን ኦሮሞውስ ገጽ መቼ ነው ብለው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው አለኝ። ቦታው ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል አመድማ ቁልፍ አስቀመጥን። ኢሉባቦር ውስጥ ለሚሠራ ነገር ኦሮምኛውን ለሁለተኛ ምዕራፍ ማቆየት ማለት ለወጥ ጨውን ለነገ እንደ ማቆየት ነው። ማን ይስማኝ።

ጎሬ ላይ ታላቅ እህቴ አለች። ማርና ኮረሪማ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ የምትኖረው ከልጇ ጋር በልጇ ቤት ነው። ቤቱ የእሷ ነበር፤ ቀስ እያለ የልጇ ሆነ፣ አሁን ደግሞ የምራቷ ወደ መሆኑ ነው። እትዬ ለማንም ሳትናገር ለአንዲት ክፍል ትቆጥባለች። በራሷ በር ገብታ በራሷ በር የምትወጣባት አንዲት ክፍል፣ ሌላ ምንም አትፈልግም። ልጇ ደግሞ ባጃጅ ይፈልጋል። እናቱ ያስቀመጠችው ነገር እንዳለ የሰማ ዕለት ክፍሏ ባለ ሦስት እግር ሆና ጎሬ ዳገት ላይ እንደምትሮጥ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

እትዬ ማንበብ አትችልም። በዚያ ቤት የማይችል እሷ ብቻ ናት። ስልኳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር የቀረበ ሁሉ አንስቶ ያነብላታል፤ ደግነት ነው እንግዲህ። ስለዚህ መስኮቱ ለእሷ መስኮት ብቻ አልነበረም። እዚያ ጉዳይዋን የሚያውቀው አንድ የማያውቃት ሠራተኛ ነው፤ ደብተሯ ላይ ያሠፍራል፣ ማኅተም ይመታል፣ አበቃ። ወደ ስልክ ከተዛወረች ግን ባስገባች ቁጥር መልእክት ቤት ድረስ ይከተላታል።

ተቋሙ ለደንበኞቹ ሁሉ መልእክት ላከ። «መስኮቱን ትተው በስልክ ለመገልገል ይስማማሉ?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ «ዝጊ» እና «ላኪ»። ለእትዬ የደረሳት ደግነቱ ገበያ ላይ እያለች ነው። ስልኩን አጠገቧ ላለው ባለሱቅ ሰጠችው። ከወደ ጉራጌ የመጣ፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው ነው። ጥያቄውን አነበበላት። መልሱስ ምንድነው አለችው። ሁለት ነው፣ ዝጊ ይላል፣ ላኪ ይላል አላት።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። ላኪ የሚለው ቃል በአማርኛ ላልቶ ሲነበብ ሴትን ላክ ብሎ ማዘዝ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ኪ ትጠብቅና ላኪ ማለት አይሆንም፣ አልፈልግም ማለት ነው። በፊደላችን ስትጻፍ ያው አንድ ናት፤ መጥበቅ መላላቷን የምታሳይበት ጭረት እንኳ የላትም። የእኛ ሰው ደግሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። እትዬም ስልኩ የአገሩ ስልክ መሰላት። በአማርኛ ጠየቀኝ፣ እምቢታውን በኦሮምኛ አስቀመጠልኝ ብላ አሰበች።

«በል ላኪ ላይ ንካልኝ» አለችው፣ አጥብቃ።

እሱ ሱቁ ውስጥ በሦስት ቋንቋ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዓይኑ አማርኛው ላይ ስለነበር በአማርኛ ሰማት። ነካላት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደብተሯን ይዛ ከመስኮቱ ፊት ቆመች። ሠራተኛው ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛው ከሰላምታ አላለፈም። የተባባሉትን እሷ እንደ ነገረችኝ ነው የምጽፈው።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ወደ ስልክ ተዛውረዋል።»

«ማን ፈቅዶ?»

«እርስዎ ነዎት። ላኪ ብለዋል።»

«ታዲያስ፣ ላኪ ነው ያልኩት።»

«እኛም ደርሶናል።»

«ከደረሳችሁ ታዲያ ለምን አዛወራችሁኝ?»

ሠራተኛው ደንግጦ አያት። እሷም አየችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ጉድ አሉ፤ ለካ እነሱም ላኪ ብለዋል።

በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ መቱ ወርዳ ሱቄ በር ላይ አገኘኋት። ቁጭ በይ ስላት አልተቀመጠችም። ያንን ገጽ አንተ ነህ የሣልከው አለችኝ። ቁልፉን ነው እንጂ ቃሉን አይደለም አልኳት። «ታፔላውን የሰቀለው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ» አለች። ተያይዘን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድን።

በክብር ተቀበለን። ስልኩን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩና ይቺን ቃል ያንብቡልኝ አልኩት። ላኪ ብሎ አነበበ፣ አላልቶ። አሁን ደግሞ እርስዎ ጠግበው ሳለ እናትዎ ልጨምርልህ ሲሉዎ የሚሏቸውን ይበሉ አልኩት። አፉን ከፈተ፣ ላኪ አለ፣ አጥብቆ፤ ከዚያ ሳቅ ያዘው። ከልቡ ነው የሳቀው። መሀል ላይ አንድ ነገር ትዝ አለውና ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ እኮ ወጥቷል» አለኝ።

ሪፖርቱ እንዲህ ነው። የጎሬ ወንዶች «ላክ» የሚለውን አይተው ዝም ብለዋል። የጎሬ ሴቶች ግን ከዳር እስከ ዳር ላኪ ብለዋል። ይህ ወደ ላይ የተላለፈው «ሴቶች በዲጂታል አገልግሎት ከወንዶች ቀድመዋል» ተብሎ ነው። ከላይም ምስጋና መጥቷል፤ ከሌላ ዞን ልምድ ለመቅሰም ሰዎች ይመጣሉ። እነዚያ ሁሉ ሴቶች አልፈልግም እያሉ የጮኹትን ጩኸት ተቋሙ አጨብጭቦ ተቀብሎታል ማለት ነው።

ወደ መስኮቱ የሚመልስ ገጽ ይሠራ አልኩ። በነፃ እስላለሁ፣ «አልፈልግም» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው እሴት ዞረ። አንዱ እሴታቸው «አዎንታዊነት» ነው። ተቋማችን አሉታዊ ቃል ለደንበኛ አያቀርብም አለኝ። አሉታዊውን የሚናገረው ደንበኛው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም አልኩት። ቢሆንም በእኛ ገጽ ላይ ነው አለ። ላኪን እንኳ እንድንወደው ያደረገን አዎንታዊ መስሎን ነው ሳይል አልቀረም በሆዱ።

እትዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየናለች። ደንበኛን ጠይቁ የሚል ነገር በሥልጠና ነግረውት ኖሮ ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዘወር አለ። እርስዎስ ቢሆኑ ምን የሚል ቃል ይሻልዎታል አላት።

«ልጄ፣ በደህና ቃል የጠየቀን ሰው አልፈልግም ይሉታል? እሺ፣ ነገ ነው የሚባለው» አለችው።

ሰውየው ተነሳ። ከወንበሩ ብድግ አለ ማለቴ ነው። እሺ አለበት! እሺን የመሰለ አዎንታዊ ቃል የት ይገኛል? በዚህ አገር እሺ ነገ የተባለ ነገር ሆኖ እንደማያውቅ እሱም ያውቃል፤ ቢሮው የሚሠራው በ«እሺ፣ ነገ» ነው። እዚያው ተወሰነ። «እሺ፣ ነገ» የሚል ቁልፍ ይግባ። የተጫነው ሰው በመስኮቱ ይገልገል። በሪፖርት ግን ከእሺዎቹ ጋር ይደመር። ለሦስት ፊደል ቦታ የለም ያለኝ ፕሮግራመር ለአራት ፊደልና ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታ አገኘ፤ ያዘዘው ሥራ አስኪያጅ ነዋ።

ሣልኩት። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቁልፍ አልሠራሁም፤ ወንዱም ሴቱም የሚገባው፣ አንቱም አንተም የማይል፣ ማንንም የማያስቀይም። የጎሬ ሴቶች እየተጫኑ ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። እትዬም ደብተሯ ላይ ማኅተሟን አስመታች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጇና ምራቷ ቁርስ እየበሉ ስልኳ ጮኸ። «ትናንት ነገ ብለው ነበር። ዛሬስ በስልክ ለመገልገል ይስማማሉ?» ይላል።

ፕሮግራመሩ ቃሉን እንደ ወረደ ይዞታል። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ነገ ማለት እኮ ነገ ነው» አለኝ።

ስንት ዓመት አዲስ አበባ ኖሮ ነገ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አንድም ቀን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሳይመለስለት ከዋለ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ወደ ስልክ ያዛውራል። ይሄንንስ ማን አለህ ስለው ዝምታ የስምምነት ምልክት ነው የሚባለውን ከእኛው ሰምቶ ነው። ለሥራ አስኪያጁ አመለከትኩ። እሺ አለኝ።

ያን ዕለት ልጇ ስልኩን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ቀድማው አነሳች። የቴሌ ማስታወቂያ ነው አለችው፣ ማንበብ የማትችለዋ ሴትዮ። ገበያ እንደ ደረሰች ባለሱቁ ቁልፉን ነካላት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ምራቷ አንስታ «ዛሬስ በስልክ» እስከሚለው ድረስ አንብባ ነበር፤ እትዬ ሻይ ደፍታ አስጣለቻት። ሻዩን ሆን ብላ ይሁን ደንግጣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ከሻዩ በኋላ አላደረችም፤ ዕለቱን ወደ እኔ መጣች። ከፀጉሯ መርፌ ቁልፍ ነቅላ የስልኩን ሆድ ከፈተችና ሲም ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ለቤተሰቡ ሌላ ቁጥር አወጣለሁ፣ አሮጌው ጠፋ እላቸዋለሁ፣ ይሄ አንተ ጋ ይቀመጥ አለችኝ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ነበረኝ። አስገባሁት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ያ ማሽን ይጠይቀኛል። ፊቴን ሳልታጠብ፣ ገና አንድ ዓይኔን ገልጬ፣ በገዛ እጄ የሣልኩትን ቁልፍ እጫናለሁ። አንዳንዱ የግራፊክስ ሰው የሠራውን ገጽ አንድም ሰው አይጠቀምበትም ብሎ ያማርራል። እኔ ያንን ማማረር ተነፍጌያለሁ። ባለፈው ጊዜ ከተቋሙ በእትዬ ቁጥር ደወሉልኝ። በየቀኑ ሳያቋርጡ የሚገቡ፣ ከጎሬ ሴቶች ሁሉ ንቁ ተጠቃሚ እርስዎ ስለሆኑ ለምስክር ወረቀት ይምጡ ይላሉ። በዚህ በጎረነነ ድምፄ ታምሜያለሁና አልመጣም አልኳቸው። ደህና ይሁኑ እማማ አሉኝ።

አንድ ቀን ወባ ጥሎኝ ቀኑን ሙሉ ስቃዥ ዋልኩ። ሲመሽ ብቻ ትዝ ብሎኝ ተጫንኩት። ወደ እሷ ስሄድ ይህን ነገርኳት። እስከ መቼ ነው እትዬ፣ ማሽኑ አይደክመው፣ እኔ ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን ብሞትስ አልኳት።

ኮረሪማዋን እየለቀመች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። ለክፍሏ ጣሪያው ደርሷል፣ የቀረው በሩ ነው አለችኝ። ቀጥላም፦

«ስትታመም አስቀድመህ ሲሙን ላክልኝ» አለች። «ላላ አድርጌ ነው ያልኩህ።»